ቁማር የበላውን ገንዘብ ለየትኛው ዳኛ እንናገር?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። መቼም አበው ይህን ሲሉ፣ በሽታውን የተናገረውን ሰው ሐኪሙ በዱላ አይቀበለውም ብለው አምነው ነው። በእኛ አገር ግን ዕዳ የሚባለው በሽታ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። በተለይ የዕዳው ሥር ቁማር ከሆነ! ባለዕዳው እውነቱን ከተናገረ ይረገማል፤ ዝም ካለ ለጊዜውም ቢሆን ይታለፋል፤ ከዋሸ ደግሞ ይታዘንለታል። እንግዲህ የጨነቀው ሰው ከሦስቱ የትኛውን እንደሚመርጥ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም።

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ይኸው ነው። አንድ ሰው «ከስሬያለሁ፣ መክፈል አልቻልኩም፣ ዳኙኝ» ብሎ ሲቀርብ በቁማር የተበላውን ገንዘብ መናገር አለበት ወይስ የለበትም? የእኔ መልስ አጭር ነው፦ አለበት። ሳያስቀር፣ ሳይቀንስ፣ ቀኑንና መጠኑን ጠቅሶ መናገር አለበት። ነገር ግን «እውነቱን ተናገር» የሚል አገር አስቀድሞ እውነት የሚነገርበትን ቦታ ማዘጋጀት ይኖርበታል። የእኛው አገር አላዘጋጀም። ቁማሩን ግን አዘጋጅቷል፤ ፈቃድ ሰጥቶ፣ ግብር ቆርጦ!

ቢታ ገነት የሰማሁት

ነገሩ የሸገር ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ ከሩቅ ልጀምር። ቢታ ገነት በካፋ ዞን የቢታ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከቦንጋ ወደ ምዕራብ ትገኛለች፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህም ከነዞኗ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሥር ናት። አገሩ የቡና፣ የማርና የእንሰት አገር ነው። ገበሬው ቆጮውን ከጓሮው ያገኛል፤ ደህና ጥሬ ገንዘብ የሚያየው ግን ቡናው ሲደርስ ነው። በዚያ ሰሞን ታዲያ እሸት ቡናና ጀንፈል ከገበሬው እየገዛ ለአቅራቢው የሚያስረክበው ሰብሳቢ፣ በኪሱ የራሱ ያልሆነ ገንዘብ ይዞ ይዞራል። የሰው አደራ ነው። ሥራው በሙሉ የቆመው በመተማመን ላይ ነው።

እዚያ ለሥራ በሄድኩበት ጊዜ የአንድ ሰብሳቢ ነገር አጋጠመኝ። ስሙን አልጠራም፤ ልጆች አሉት። ይህ ሰው አራት ቦታ ዕዳ ነበረበት። ቡና ግዛልኝ ተብሎ ከአቅራቢው የተቀበለው አንድ፤ ዕቁቡ ቀድሞ ስለወጣለት በየሳምንቱ መጣል የሚገባው ሁለት፤ ከጎረቤቶቹ ጋር እርስ በርስ ዋስ ሆነው በቡድን የተበደሩት ሦስት፤ ሲጨንቀው ደግሞ ከግለሰብ በአራጣ የወሰደው አራት። አንዱን ቀዳዳ ሲደፍን ሌላው እየተቀደደ ቆይቶ በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ሳምንት አፈጠጡበት።

ጉዳዩ እንደ አገሩ ልማድ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽማግሌ ተያዘ። ሰውየው «ጀንፈሉ ሻገተብኝ፣ ዋጋውም ወረደብኝ» አለ። ሽማግሌዎቹ የቡናን ጠባይ ያውቃሉና አዘኑለት። እስከሚቀጥለው ምርት ጊዜ ሊሰጡት አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። በዚህ መሐል ከዋሶቹ አንዱ «እስቲ ስልክህን አሳየን» አለ። ስልኩ ውስጥ የተገኘው ምን ነበር መሰላችሁ? ቅዳሜ ቅዳሜና እሑድ እሑድ ወደ ውርርድ ሒሳብ የተላከ ገንዘብ! ለካስ ጀንፈሉ አልሻገተም። የእንግሊዝ ቡድኖች ኳስ በተጫወቱ ቁጥር የቢታ ቡና ይከፍል ኖሯል!

ሽምግልናው እዚያው ላይ ፈረሰ። አቅራቢው ወደ ፖሊስ፣ አራጣ አበዳሪው ወደ ቤቱ፣ ዋሶቹ ወደ ሚስቱ ሮጡ። ሰውየው በማግሥቱ ከከተማ ጠፋ። ዛሬ የእሱን ድርሻ እየተካፈሉ የሚከፍሉት ኳስ አይተው የማያውቁ ጎረቤቶቹ ናቸው። «ዕዳ ከሜዳ» ይሏችኋል ይኼ ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱን ቆይቼ አነጋገርኳቸው። «አባባ፣ መጀመሪያውኑ እውነቱን ቢነግራችሁ ኖሮ ጊዜ ትሰጡት ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «አንተ ልጅ፣ ለምን እዋሽሃለሁ? ለእሱ አናዝንለትም ነበር። ግን ዋሶቹን እናድን ነበር» አሉኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህችን መልስ ያዙልኝ። የዛሬው ጽሑፌ ፍሬ ነገር እሷ ናት። የከሰረ ሰው ቁማሩን መናገሩ መጀመሪያ የሚጠቅመው ራሱን አይደለም። የሚጠቅመው ሳያውቁ አብረውት ሊሰምጡ ያሉትን ነው። ዕቁብተኛው በጊዜ ቢያውቅ ሌላ ዕጣ ሳይወጣ ያቆማል፤ ዋሱ በጊዜ ቢያውቅ ሁለተኛ ብድር ላይ አይፈርምም፤ ሚስት በጊዜ ብታውቅ የቀረችውን ጥጃ ትደብቃለች። ውሸቱ አንድ ወር በረዘመ ቁጥር የሚበላው ሰው ቁጥር ይጨምራል።

የኪሳራው በር ለማን ነው የተከፈተው?

«ታዲያ ይህ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ ለምን ኪሳራውን አያስመዘግብም?» የሚል አይጠፋም። እስቲ አብረነው እንሂድ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ኪሳራ ረጅም ክፍል ነበረው። ክፍያ ያቆመ ነጋዴ በ15 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ማስታወቅ፣ የሀብትና የዕዳ መግለጫውን፣ የትርፍና ኪሳራ ሒሳቡንና የአበዳሪዎቹን ዝርዝር ማቅረብ ነበረበት። ያንን ክፍል በ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1243 ተካው። አዲሱ ሕግ መልካም ጎን እንዳለው መካድ አይቻልም። ነጋዴው ጨርሶ ሳይወድቅ ከአበዳሪዎቹ ጋር የሚስማማበትን፣ ድርጅቱ መልሶ የሚደራጅበትን፣ መዳን ካልቻለም ንብረቱ ተጣርቶ ለአበዳሪዎች የሚከፋፈልበትን መንገድ ለያይቶ አስቀምጧል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የተሰፋው በነጋዴና በንግድ ማኅበር ልክ ነው። መምህሩስ? ነርሷስ? ፖሊሱስ? የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊስ? የወር ደመወዙን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሚያስበላው ወጣትስ? እነዚህ «ከስሬያለሁ» ብለው የሚያንኳኩት በር የላቸውም። በኢትዮጵያ ደመወዝተኛ ይደኸያል እንጂ በሕግ አይከስርም!

የቢታውን ሰብሳቢ እንኳ ገዝቶ ሻጭ ነውና ነጋዴ ነው እንበል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የኪሳራን ጉዳይ የመደበው ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ ሰውየው የወረዳውን ፍርድ ቤት አልፎ የሰው ገንዘብ የበላበትን ታሪክ ይዞ ቦንጋ ሊገባ ነው። ሒሳቡን ያያችሁ እንደሆነ ጥጋጥጉ በእርጥበት የተበላ ደብተር ነው። በዚያ ደብተር ውስጥ ቁማር የበላው ገንዘብ በየትኛው መስመር ላይ ይጻፋል? በጆንያ መግዣ? በመኪና ኪራይ? በጫኝና አውራጅ?

ደፍሮ ጻፈው እንበል። ከዚያስ? የአቅራቢው ገንዘብ ቡና ግዛበት ተብሎ የተሰጠ ነው። «ውርርድ ላይ አዋልኩት» ማለት «እምነት አጉድያለሁ» ብሎ በራስ ላይ መመስከር ነው። እምነት ማጉደል ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቁጥር 675 የተደነገገ ወንጀል ነው። እሱን ለማስታገስ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ጽፎ ከሆነ ደግሞ ቁጥር 693 ይጠብቀዋል፤ ይኸኛው በከባዱ እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ያስከትላል። እንግዲህ የትኛው ባለዕዳ ነው የራሱን መክሰሻ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ የቴምብር ከፍሎ ለዳኛ የሚያስረክብ?

ኪሳራ ካልሆነ የቀረው የፍርድ አፈጻጸም ነው። አበዳሪው ይከሳል፣ ያስፈርዳል፣ ያሳግዳል፣ በሐራጅ ያሸጣል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ጨርሶ አንጀት የለውም ማለቴ አይደለም። የሠራተኛውን የሥራ መሣሪያ፣ ለባለዕዳውና ለቤተሰቡ ለ3 ወር የሚበቃ ቀለብ፣ ከደመወዝም ሲሶውን ብቻ አስይዞ ሁለት እጁን ከእግድ ያስቀራል። መክፈል እየቻለ እምቢ ያለውን ደግሞ እስከ 6 ወር ሊያሳስር ይችላል። ችሎታ አጥቶ ያልከፈለን ሰው በዚያው ምክንያት ብቻ ማሰርን ግን ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 11 ይከለክላል።

ታዲያ የሚቻለውንና የማይቻለውን በምን እንለየው? ገንዘቡ የት እንደገባ በማወቅ ነዋ! የደበቀው ሰው አለው፤ የተበላው ሰው የለውም። ሁለቱም ግን ዳኛው ፊት ሲቆሙ ባዶ ኪስ ነው የሚያሳዩት። ቁማሩን የመናገር ጥቅም እዚህ ላይ ነው የሚታየው። «ይህን ያህል ብር፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ስልክ፣ ወደዚህ የውርርድ ሒሳብ ሄዷል» የሚል ማስረጃ ያቀረበ ሰው ሀብት አለመሸሸጉን አስረዳ ማለት ነው። «ሻገተብኝ» ብሎ የሚያልፍ ሰው ግን ቢምልም ቢገዘትም ምርመራው አያቆምለትም። መርማሪው በአጎቱ ስም ቤት ሠርቶ ይሆን፣ በወንድሙ ስም ሞተር ብስክሌት ገዝቶ ይሆን እያለ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ያስሳል።

ፈቃጁ ማን ሆነና!

አሁን ደግሞ ወደ ሹመኞቻችን እንምጣ። በዚህች አገር ገንዘብን በዕድል ላይ መጣል በሕግ የታወቀ ነገር ነው። ብሔራዊ ሎተሪ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። እንቁጣጣሹንም ቶምቦላውንም ስንቆርጥ የኖርነው ከዚያ ወዲህ ነው። የሎተሪ ትኬት ገዝቶ ቤቱ የፈረሰ ሰው ብዙ አላየሁም። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ይኸው መሥሪያ ቤት ለስፖርት ውርርድ ድርጅቶች ፈቃድ ሲሰጥ ኖሯል። ሎተሪ በወር ወይ በበዓል የሚወጣ ነገር ነው። ውርርዱ ግን በየሰዓቱ ነው፣ በየደቂቃው ነው፣ በኪስ ውስጥ ነው። ገንዘብ በስልክ መላክ ከተለመደ ወዲህ ከተማው ውስጥ የውርርድ ቤት ኖረ አልኖረ ቁም ነገር አይደለም። ስልክ ይበቃል።

የግብሩን ነገር ደግሞ ስሙ። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ ከዕድል ሙከራ ጨዋታ በሚገኝ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል። ግብሩ የሚታሰበው በጠቅላላው ሽልማት ላይ ነው፤ ተጫዋቹ የተበላው አይቀነስለትም። አሥር ጊዜ ተበልቶ አንድ ጊዜ ያሸነፈ ሰው ስለ አንዷ ይጠየቃል፤ ስለ አሥሩ የሚጠይቀው የለም። የግብር ሰብሳቢ ነገር ነውና በዚህ አልፈርድም። የሚገርመኝ ግን በአገሪቱ ሕግ ሁሉ ውስጥ ስለዚያ ስለ አሥሩ የሚጠይቅ አንድም ወረቀት አለመኖሩ ነው። መንግሥት ስናሸንፍ ያየናል፤ ስንበላ ዓይኑን ይጨፍናል። ስንከስር ደግሞ ጨርሶ አያውቀንም!

«በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ይባላል። በሬውን መውቀስ ቀላል ነው። ሣሩን ገደሉ አፍ ላይ ያበቀለውንስ ማን ይጠይቀው?

ወገኖቻችን ላስ ቬጋስ ምን ይጠየቃሉ?

ይህ ጥያቄ ባሕር ማዶ ለሚኖሩት ወገኖቻችን አዲስ አይደለም። የዓለም የቁማር መናኸሪያ በምትባለው በላስ ቬጋስ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ታክሲ የሚነዱ፣ በካዚኖዎቹ ውስጥ የሚሠሩ፣ ሱቅና ምግብ ቤት የከፈቱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የክላርክ ካውንቲ ምክር ቤት አንዱን ሠፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞላቸዋል። ከእነሱ መካከል ዕዳ የጸናበት ቢኖር፣ ነጋዴ ሆነም አልሆነ፣ በግል ስሙ ኪሳራ ማስመዝገብ ይችላል። የአሜሪካ ሕግ ታክሲ ነጂውንም፣ መምህሩንም፣ አስተናጋጇንም ይቀበላል።

ሲቀበል ግን በነጻ አይደለም፤ በመሐላ ነው። አመልካቹ ከሚሞላቸው ቅጾች አንዱ ባለፈው 1 ዓመት ውስጥ በስርቆት፣ በእሳት፣ በሌላ አደጋ ወይም በቁማር ያጣው ነገር እንዳለ ይጠይቀዋል። አያችሁ? ቁማር ከሌባና ከእሳት ጋር በአንድ መስመር ተሰልፏል! ጥያቄው «ኃጢአተኛ ነህ ወይ?» አይልም። ምን አጣህ? መቼ? ዋጋው ስንት ነበር? ነው የሚለው። ቁማር መጫወቱ ብቻውን ዕዳው እንዳይሰረዝለት አያደርግም። ገንዘቡ የት እንደገባ አጥጋቢ ማብራሪያ መስጠት አለመቻሉ ግን ዕዳው እንዳይሰረዝለት ሊያደርግ ይችላል። እያወቀ በሐሰት ከማለ ደግሞ እስከ 5 ዓመት እስራት አለ። በአጭሩ፣ ሕጉ የተበላውን ይሰማል፤ የዋሸውን ይቀጣል።

እንግሊዞችም ቢሆኑ ከእናታቸው ሆድ ይህን ይዘው አልወጡም። እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጡት የኪሳራ ሕግ፣ ኪሳራው ከመጠየቁ በፊት በነበሩት 2 ዓመታት ውስጥ በቁማር ለውድቀቱ አስተዋጽኦ ያደረገን የከሰረ ሰው ወንጀለኛ ያደርገው ነበር። እንዲህ ያለ ሕግ ምን እንደሚያስከትል መገመት አያዳግትም፤ የሚናገር ይጠፋል። በ2002 በወጣው ሌላ ሕግ ይህን ወንጀል ሰረዙት፤ ስረዛውም ከኤፕሪል 2004 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ቁማርን ግን አልመረቁትም። ዛሬም ፍርድ ቤቱ በቁማር የከሰረውን ሰው ከ2 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ገደብ ሊይዘው ይችላል፤ በገደቡ ዘመን የኩባንያ ዳይሬክተር ሆኖ መሾም ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ አይችልም፣ ከፍ ያለ ብድር ሲጠይቅም ገደብ እንዳለበት ለአበዳሪው መናገር አለበት። እስር ቤቱን አንሥተው ጥንቃቄውን አስቀሩ ማለት ነው። አስተዋይ ሕግ ማለት እንዲህ ነው።

«ቁማርተኛ ሊመረቅ ነው እንዴ?»

ይህን ሳነብ የሚቆጣ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። «ዕቁባችንን በልቶ፣ ዋሶቹን አራቁቶ፣ ሕግ ዕዳውን ሊምርለት? እኛስ?» ይላል። ቁጣው ተገቢ ነው። ጉልት ላይ ሽንኩርት ሸጣ ዕቁብ የምትጥል እናት ገንዘቧን ለውርርድ ድርጅት አልሰጠችም። ስለዚህ ይቅር በሉት እያልኩ አይደለም።

እያልኩ ያለሁት ይህን ነው፦ ዛሬ ባለው አሠራር እናቲቱ ምን አገኘች? ሰውየው ጠፋ። ፍርድ ይዞ የቀደመ አበዳሪ ያለችውን ላም አሸጠ። እሷ እጇን አጣጥፋ ቀረች። የኪሳራ ሥርዓት ቢኖር ግን አበዳሪዎች ሁሉ በአንድ ቀን ይጠሩ ነበር፤ ያለው ንብረት በሥርዓት ይካፈል ነበር፤ አራጣው ተነጥሎ ይመረመር ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የብድር ወለድ ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ተደንግጓል፤ አራጣም በወንጀል ያስቀጣል። አራጣ አበዳሪው ግን ዛሬ የሚያተርፈው በባለዕዳው ምስጢር ነው። ቁማርተኛው ምስጢሩ እንዳይወጣ ሲል የተጠየቀውን ሁሉ ይከፍላል። ምስጢሩን የተናገረ ሰው ማስፈራሪያውን ከአራጣ አበዳሪው እጅ ነጠቀው ማለት ነው።

ደግሞም ቁማር ለአንዳንዱ ሰው ከጨዋታ ያለፈ ነገር ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1980 በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ አስገብቶታል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ ከሱስ ጋር ቆጥሮታል። በሽታ ነው ማለት ከተጠያቂነት ነጻ ነው ማለት አይደለም። ሰካራም ሾፌርም ይጠየቃል። ነገር ግን መጠጡን ያልተናገረን ሰካራም ማንም ሊያክመው እንደማይችል ሁሉ የቁማሩም ነገር እንደዚያው ነው።

የሚገርመው የእኛው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ነገር ፈር ቀዶ ነበር። ሰካራሞችና አባካኞች እንደ ነገሩ ሁኔታ አእምሯቸውን እንዳጡ ሰዎች ሊቆጠሩ እንደሚችሉ በቁጥር 339 ይናገራል። ፍርድ ቤቱም በሚስት ወይም በባል፣ በዘመድ ወይም በዐቃቤ ሕግ ጥያቄ አንድን ሰው ንብረቱን እንዳያዝ ሊከለክለው ይችላል። ከ60 ዓመት በላይ የሞላው ሕግ ነው! ስንቷ ሚስት ታውቀዋለች? የቢታው ሰብሳቢ ሚስት አታውቀውም ነበር። የፌዴራሉ የ1992 የቤተሰብ ሕግ ደግሞ የአንዱ ተጋቢ ዕዳ ከግል ንብረቱ ካልተሸፈነ ከጋራ ንብረቱ ላይ ሊጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። እንግዲህ ባል ቁማሩን ሲደብቅ ምስጢር የያዘ ይመስለዋል እንጂ የሚስቱን ድርሻም አብሮ እያስያዘ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ወንበሩ ላይ የተቀመጣችሁ ሕግ አውጪዎች የምትሰሙ ከሆነ የምጠይቀው ብዙ አይደለም።

አንደኛ፣ የኪሳራው በር ከነጋዴ ውጭ ላለው ሰውም ይከፈት። መምህሩም፣ ሰብሳቢው ከነደብተሩ፣ የጉልት ነጋዴዋም በቅርባቸው ባለ ፍርድ ቤት፣ በሚገባቸው ቋንቋ፣ ያለ ብዙ ወጪ «አልቻልኩም» የሚሉበት ቀላል ሥርዓት ይውጣ።

ሁለተኛ፣ በዚያ ሥርዓት ውስጥ አንድ ጥያቄ በግልጽ ይቀመጥ፦ ባለፈው 1 ወይም 2 ዓመት ውስጥ በቁማርና በውርርድ ምን ያህል ተበላህ? መቼ? በምን መንገድ? መልሱ በመሐላ ይሁን። በራሱ አንደበት የተናገረው ቃል መልሶ የእምነት ማጉደል ክስ ማስረጃ እንዳይሆንበት ሕጉ ይጠብቀው፤ የዋሸ ግን ከለላውን ሁሉ ይጣ፣ ይጠየቅም። እውነት የሚያዋጣው ሰው እውነት ይናገራል። ይህ የሰው ጠባይ ነው፤ ፍልስፍና አያስፈልገውም።

ሦስተኛ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ የውርርድ ድርጅቶች የባለዕዳውን የሒሳብ ዝርዝር እንዲያቀርቡ ይገደዱ። እያንዳንዷን ሳንቲም መቼ እንደተቀበሉ ያውቃሉ። ሰውየው ረሳሁ ቢል መዝገባቸው አይረሳም። «ከእንግዲህ አታጫውቱኝ» ያለን ሰው፣ ወይም ፍርድ ቤት የከለከለውን ሰው፣ አናጫውትም ማለትም ግዴታቸው ይሁን።

አራተኛ፣ ከዕድል ጨዋታ ከሚሰበሰበው ግብር የተወሰነው ለሕክምናና ለምክር አገልግሎት ይዋል። ግብሩ ከቢታ ገነት ድረስ መሰብሰብ ከቻለ ምክሩም ቢታ ገነት መድረስ ይችላል።

ሕጉ እስኪወጣ ደግሞ በእጃችን ያለውን እንሥራ። የዕቁብ ዳኞች፣ የዕድር ሹማምንት፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ባለዕዳ ፊታችሁ ሲቀመጥ ከምርቃቱና ከእርግማኑ በፊት «ቁማር አለበት ወይ? ገንዘቡ በስልክ የት የት ሄደ?» ብላችሁ በደህና ቃል ጠይቁ። የተናገረውንም ሰው ከደበቀው ሰው ለይታችሁ ያዙት። ሁለቱን በአንድ ዱላ ከመታችሁ የሚቀጥለው ባለዕዳ የሚማረው ትምህርት አንድ ብቻ ነው፦ መዋሸት!

አንተም ዕዳው አንገትህ ላይ የደረሰው ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ የነገው ትኬት ዕዳውን አይከፍልላችሁም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ሴት ታሪክ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ማታ የተበላችሁትን በወረቀት ላይ ጻፉት። ከዚያ መጀመሪያ ለምትፈሩት ሰው ሳይሆን ስለ እናንተ ለፈረመው ሰው አሳዩት። ዋሳችሁ ከእናንተ አፍ መስማት መብቱ ነው።

አራት ኪሎ ያሉት ደግሞ ይህን ይስሙ፦ ቁማር የበላውን ገንዘብ የሚናገር ሰው በየከተማው ሞልቷል። የጠፋው የሚሰማው ዳኛ ነው።